ስቬን ሩቤንሰን፦ የነገሥታቱን ደብዳቤ በአማርኛው ያነበቡት የታሪክ ምሁር

የኢትዮጵያን ታሪክ በትምህርት ቤት የተማረ ሰው የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ ሳያውቅ አይቀርም። ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በምኒልክና በኢጣልያው መልእክተኛ በካውንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ መካከል፣ ወሎ ውስጥ ውጫሌ በተባለው ስፍራ ተፈረመ። የአማርኛው ቅጂ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የኢጣልያንኛው ቅጂ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ በዚሁ መንገድ ለመጠቀም «ተስማምተዋል» የሚል ነበር። ሮማ ይህን ቃል ይዛ፣ እ.ኤ.አ. በ1889 ጥቅምት ወር፣ ኢትዮጵያ በኢጣልያ ሞግዚትነት ሥር እንደገባች የሚያስመስል ማስታወቂያ ለአውሮፓ መንግሥታት ላከች። ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው፤ በአንድ ቃል የተጀመረው ክርክር የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በጦር ተፈታ።

ተማሪዎች ይህን ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ የሚማሩት «የትርጉም ስህተት» በሚል ስም ነው። ይሁንና ስሙ ከሚገልጸው የሚሸፍነው ይበልጣል። ስህተቱን የሠራው ማን ነው? በቸልተኝነት ነው ወይስ ሆን ተብሎ? ምኒልክ የፈረሙት ምን ብለው ነው? እነዚህን ጥያቄዎች የሁለቱንም ወገን ሰነዶች ጎን ለጎን አስቀምጠው ለመመለስ ከሞከሩት ምሁራን መካከል ስዊድናዊው ፕሮፌሰር ስቬን ሩቤንሰን በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። የዳግማዊ ቴዎድሮስን የሕይወት ታሪክ የጻፉት፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የታሪክ ትምህርት ክፍል መሠረት ከጣሉት መምህራን አንዱ የሆኑት፣ በስተመጨረሻም የ19ኛው መቶ ዓመት የኢትዮጵያ ነገሥታትና መሳፍንት ደብዳቤዎችን ሰብስበው ያሳተሙት እኚሁ ሰው ናቸው።

ከስዊድን ወደ ስድስት ኪሎ

ሩቤንሰን የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በመምህርነት ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ስዊድናዊ በኢትዮጵያ መገኘቱ እንግዳ ነገር አልነበረም። የስዊድን ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1866 ምጽዋ ከደረሱ ወዲህ የሁለቱ ሀገሮች ግንኙነት አልተቋረጠም፤ ከኢጣልያ ወረራ በኋላም ንጉሠ ነገሥቱ ከታላላቆቹ ቅኝ ገዢ መንግሥታት ይልቅ ከትንሿ ስዊድን ባለሙያዎችን ማስመጣት መርጠው ስለነበር፣ አየር ኃይሉን ከማሠልጠን አንሥቶ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት እስከ ማቋቋም በብዙ ሥራ ላይ ስዊድናውያን ይታዩ ነበር።

ሩቤንሰንን ከሌሎቹ የሚለያቸው ከቋንቋው ጋር የነበራቸው ዝምድና ነው። በዚያ ዘመን የአፍሪካን ዲፕሎማሲ ታሪክ የሚጽፍ አውሮፓዊ ምሁር የሎንዶንን፣ የፓሪስንና የሮማን ቤተ መዛግብት ካገላበጠ ሥራውን እንደ ጨረሰ ይቆጥር ነበር። የቆንስሎቹ ሪፖርት አለ፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ መልስ አለ፤ አፍሪካዊው ንጉሥ የጻፈው ደብዳቤም «በትርጉም» ከሪፖርቱ ጋር ተያይዞ ይገኛል። ሩቤንሰን ግን ከትርጉሙ ጀርባ ወዳለው ወረቀት ሄዱ። ብዙ ጊዜ ዋናው ደብዳቤ እዚያው መዝገብ ውስጥ፣ ከነማኅተሙ፣ ከተቀባይነት ቀኑ በኋላ ማንም ሳያነበው ተጣጥፎ ተቀምጦ ነበር።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል ሲደራጅ ይህ ልማድ ወደ ማስተማሪያ ክፍሉም ገባ። ትምህርት ክፍሉ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቹን በራሳቸው ጥናት ላይ የተመሠረተ የመመረቂያ ጽሑፍ እንዲያዘጋጁ ያደርግ ነበር። ወጣቶቹ ወደየትውልድ አካባቢያቸው እየሄዱ ሽማግሌ ይጠይቃሉ፤ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ይገለብጣሉ፤ በየቤቱ የተቀመጠ ደብዳቤ ይፈልጋሉ። እነዚያ ጽሑፎች ብዙ ምስክሮች ካለፉ በኋላ ዛሬም ለተመራማሪ ብቸኛ ምንጭ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ከ1960ዎቹ ወዲህ የኢትዮጵያን ታሪክ ኢትዮጵያውያን ምሁራን ራሳቸው በስፋት መጻፍ የጀመሩት ከዚህ ዓይነቱ ትምህርት ቤት ወጥተው ነው።

አንድ ግስ፣ ሁለት ቅጂ

የሩቤንሰን የውጫሌ ጥናት የታተመው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። በአንድ በኩል በአዲስ አበባ በትንሽ መጽሐፍ መልክ፣ በሌላ በኩል በአፍሪካ ታሪክ ላይ በሚያተኩረው ታዋቂ የእንግሊዝ የምርምር መጽሔት ወጣ። ጭብጡ ሲጠቃለል፣ በሁለቱ ቅጂዎች መካከል ያለው ልዩነት ድንገተኛ የአስተርጓሚ መሰናከል ተብሎ ሊታለፍ አይችልም የሚል ነበር። አንቶኔሊ በሸዋ ለዓመታት የኖሩ፣ አማርኛ የሚያውቁ፣ ውሉንም ራሳቸው የተደራደሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ የአማርኛው ግስ ፈቃድን እንጂ ግዴታን እንደማያመለክት አያውቁም ነበር ማለት ይከብዳል። በምኒልክ በኩል ደግሞ ሉዓላዊ የውጭ ግንኙነታቸውን ለኢጣልያ አሳልፈው ለመስጠት መስማማታቸውን የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። «ይቻላቸዋል» ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ምንም አያሻማም። ሰውየው ከፈለጉ ያደርጉታል፤ ካልፈለጉ ይተዉታል። የኢጣልያንኛው «ተስማምተዋል» እንኳ በቀጥታ ሲነበብ «ይገደዳሉ» አይልም። ግዴታ ያደረገው የሮማ መንግሥት ለሌሎቹ መንግሥታት ያቀረበው አተረጓጎም ነው። በተጨማሪም የዚያው ውል 19ኛ አንቀጽ ሁለቱ ቅጂዎች ፍጹም የሚስማሙና እኩል የጸኑ መሆናቸውን ይደነግጋል። እንግዲህ አማርኛው ከኢጣልያንኛው የሚያንስበት ሕጋዊ ምክንያት አልነበረም፤ የአውሮፓ መንግሥታት አንደኛውን ብቻ አንብበው ፈረዱ እንጂ።

ምኒልክ ነገሩን የተረዱት የዘውድ በዓላቸውን ለማሳወቅ ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ጽፈው፣ ግንኙነቱ በኢጣልያ በኩል መሆን እንደሚገባው የሚያስታውስ መልስ ሲደርሳቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 ለንጉሥ ኡምቤርቶ ተቃውሟቸውን ጻፉ፤ በ1893 ደግሞ ውሉን ጨርሰው ሻሩት። በሩቤንሰን አቀራረብ እነዚህ ደብዳቤዎች የአንድ የተታለለ ንጉሥ እሮሮ ሆነው አይነበቡም። የፈረመውን የሚያውቅ፣ ቃሉን እየጠቀሰ የሚከራከር መሪ የሕግ መከራከሪያ ናቸው።

ጥናቱ ያለ ተቃውሞ አላለፈም። ኢጣልያዊው የቅኝ ግዛት ታሪክ ሊቅ ካርሎ ጂሊዮ በዓመቱ በዚያው መጽሔት የተለየ አተረጓጎም አቀረቡ፤ ሩቤንሰንም እ.ኤ.አ. በ1966 ጂሊዮንና አንቶኔሊን በርዕሱ ላይ ጠቅሰው መልስ ሰጡ። የክርክሩ ውጤት ለአንባቢ ያተረፈለት ነገር ቢኖር፣ ከዚያ ወዲህ ማንም ጠንቃቃ ጸሐፊ የአማርኛውን ቅጂ ሳይመለከት ስለ 17ኛው አንቀጽ ለመጻፍ አለመድፈሩ ነው።

ቴዎድሮስን መጻፍ

ሩቤንሰን የዳግማዊ ቴዎድሮስን የሕይወት ታሪክ ያሳተሙት በዚያው በ1966 ነበር። ጊዜው ቴዎድሮስ በኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ እንደገና የተነሡበት ጊዜ ነው። ብርሃኑ ዘሪሁን፣ አቤ ጉበኛና ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ ከእነሱም በፊት ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቴዎድሮስ ለመድረክ ወይም ለልብ ወለድ አበርክተዋል። የቋራው ካሣ የአንድነት ምልክት፣ ብቸኛ ባለ ራእይ፣ ለዘመኑ ትውልድም የለውጥ ጥሪ ሆነው ነበር። የታሪክ ባለሙያው መጽሐፍ ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር አጭርና ቁጥብ ነው። ይህም የሚያስገርም አይደለም፤ ምክንያቱን ለመረዳት ደራሲው በእጃቸው የነበረውን ማስረጃ ማየት ይበቃል።

ስለ ቴዎድሮስ የተጻፈው ነገር ብዙ ነው፤ ችግሩ የጸሐፊዎቹ ማንነት ነው። ሄንሪ ስተርን፣ ዶክተር ሄንሪ ብላንክና ሆርሙዝድ ራሳም በንጉሡ ታስረው የነበሩ ሰዎች ናቸው። ሦስቱም መጽሐፋቸውን ያወጡት ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ ባሉት ወራት፣ በጄኔራል ናፒየር የተመራው ዘመቻ ያስፈለገበትን ምክንያት የእንግሊዝ አንባቢ ለማወቅ በሚጓጓበት ሰዓት ነበር። የሰንሰለት ጠባሳ ከቁርጭምጭሚቱ ያልጠፋ ሰው ስለ አሳሪው ሚዛናዊ ምስክርነት ይሰጣል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። በሌላ ወገን የአማርኛ ዜና መዋዕሎች አሉ። የደብተራ ዘነብ ድርሰት ንጉሡን በብርታታቸው ዘመን የሚያሳይ፣ የመጨረሻዎቹን መራራ ዓመታት ግን የማይደርስባቸው ነው። የአለቃ ወልደ ማርያምና ደራሲው ያልታወቀው ሦስተኛው ዜና መዋዕል ደግሞ የየራሳቸው አድልዎ አላቸው።

በእነዚህ መካከል የንጉሡ የራሳቸው ድምፅ የሚሰማው በደብዳቤዎቻቸው ነው። ቴዎድሮስ የመንግሥታቸውን ደብዳቤ በአማርኛ ማጻፋቸው ለታሪክ ጸሐፊ ትልቅ ዕድል ሆኗል፤ የንግግራቸው ቃና ሳይቀር ከወረቀቱ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1862 መጨረሻ በቆንስል ካሜሮን አማካይነት ለንግሥት ቪክቶርያ የላኩት ደብዳቤ ዋነኛው ምሳሌ ነው። በሕዝብ አፍ የቆየው ወሬ ንጉሡ ንግሥቲቱን ለጋብቻ ጠይቀው ነበር ይላል። በደብዳቤው ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ቴዎድሮስ አባቶቻቸው ፈጣሪን በመዘንጋታቸው መንግሥታቸው መወሰዱን፣ እሳቸውን ግን እግዚአብሔር ከትቢያ አንሥቶ እንዳነገሣቸው ይተርካሉ፤ የወዳጆቻቸውን የፕላውዴንንና የጆን ቤልን ሞት ያነሣሉ። ከዚያ በኋላ የሚጠይቁት ተግባራዊ ነገር ነው። መልእክተኞችና ስጦታ ለመላክ ይፈልጋሉ፤ የባሕሩን በር የያዙት ቱርኮች ግን እንዳያሳልፏቸው ይሰጋሉ፤ ስለዚህ መልእክተኞቻቸው በሰላም የሚያልፉበት መንገድ እንዲመቻችላቸው ይለምናሉ።

ደብዳቤው እ.ኤ.አ. በ1863 መጀመሪያ ሎንዶን ደረሰ፤ መልስ ሳይጻፍለትም ተቀመጠ። በ1864 ጥር ካሜሮን ታሰሩ። መልሱን ይዘው የተላኩት ራሳም ከንጉሡ ፊት የቀረቡት በ1866 ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ መቅደላ ወደቀች፤ ቴዎድሮስም እጅ ከመስጠት ሞትን መረጡ። ይህን ቅደም ተከተል በእጁ የያዘ አንባቢ የቴዎድሮስን ቁጣ ትክክል ነው ባይልም፣ «የእብድ ሥራ» ብሎ ግን አያልፈውም። የሩቤንሰን መጽሐፍ ዋና ጥቅምም እዚህ ላይ ነው። ንጉሡን አያሞካሽም፤ የጭካኔ ሥራቸውንም አይሸሽግም። እያንዳንዱን ውሳኔ በጊዜው ከነበረው ሁኔታ ጋር አያይዞ የሰውየውን ምክንያት ለማግኘት ይሞክራል።

መጽሐፉ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ከቴዎድሮስ ጋር የኖሩ፣ የተዋጉ፣ በእሳቸው ዘመቻ መንደራቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች በብዛት ደብዳቤ አልጻፉም። የጻፈውን ብቻ የሚያዳምጥ የታሪክ ዘዴ ዝም ያሉትን የማስቀረት አደጋ አለበት። ይህ ትችት ሩቤንሰን ከዚያ በኋላ በጻፉት ትልቁ መጽሐፋቸውም ላይ ይሠራል።

ነፃነት እንዴት ቆየ?

ያ ትልቁ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው፣ የኢትዮጵያ ነፃነት እንዴት ሊቆይ እንደቻለ የሚመረምረው ሥራ ነው። ከ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ አንሥቶ እስከ ዐድዋ ድረስ ያለውን የውጭ ግንኙነት ይሸፍናል። ጥያቄው የታወቀ ነው፤ አፍሪካ በሙሉ ማለት ይቻላል በቅኝ ግዛት ሲያዝ ኢትዮጵያ ለምን ተረፈች? ከዚያ በፊት የተለመዱት መልሶች ከሀገሪቱ ተራሮች፣ ከአውሮፓውያን እርስ በርስ ፉክክር ወይም «ማንም አልፈለጋትም» ከሚል ግምት አይዘሉም ነበር። የእነዚህ መልሶች የጋራ ባሕርይ ኢትዮጵያውያንን ከታሪኩ አድራጊነት ማስወጣታቸው ነው።

ሩቤንሰን መልሱን ከሰዎቹ ሥራ ውስጥ ፈለጉት። የመሳፍንቱ ዘመን ገዢዎች ከአውሮፓ መልእክተኞች ጋር ሲዋዋሉ ምን እንደፈለጉና ምን እንደከለከሉ፣ አፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1875 ጉንደት፣ በ1876 ጉራዕ ላይ የግብፅን ጦር ካሸነፉ በኋላ ድሉን በድርድር ለማጽናት እንዴት እንደደከሙ፣ በ1884 ከእንግሊዝ ጋር ዐድዋ ላይ የተፈረመው ውል ምጽዋን ለኢጣልያ ከመያዝ እንዴት እንዳላዳነ፣ ምኒልክም ከዚህ ሁሉ ምን እንደተማሩ ደረጃ በደረጃ ያሳያሉ። መደምደሚያቸው፣ ነፃነቱን ያቆየው በመሪዎቹና በሕዝቡ ዘንድ የነበረው የሀገር ስሜት፣ ከዚሁ ጋርም የዲፕሎማሲና የጦር ብቃታቸው ነው የሚል ነው።

ይህ አተያይ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ደስ የሚያሰኝ መሆኑ ግልጽ ነው፤ በመሆኑም ጥንቃቄ ይሻል። መጽሐፉ የቤተ መንግሥትና የድንኳን ታሪክ ነው። ስንቅ ያቀረበው ገበሬ፣ በዚያው ዘመን በምኒልክ ጦር ወደ ግዛቱ የተቀላቀለው የደቡብ ሕዝብ፣ የንግዱና የመሣሪያው ምጣኔ ሀብት በገጾቹ ውስጥ የሚያገኙት ስፍራ ጠባብ ነው። ከሩቤንሰን በኋላ የመጡት ምሁራን ብዙ የደከሙትም ይህን ክፍተት በመሙላት ላይ ነበር። ቢሆንም የዲፕሎማሲውን ታሪክ በተመለከተ ዛሬም ድረስ መነሻ የሚሆነው ይኸው ሥራ ነው።

ማስረጃውን ለሁሉም

ሩቤንሰን ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በደቡብ ስዊድን በሚገኘው የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኑ። በዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ምሁር አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰፊ ትረካ ይጽፋል። እሳቸው የመረጡት ግን አድካሚና ብዙ ዝና የማያስገኝ ሥራ ነበር፤ የተመረኮዙባቸውን ደብዳቤዎችና ውሎች ለሌሎች ማሳተም። «አክታ ኢትዮፒካ» የተባለው ተከታታይ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1987፣ በ1994 እና በ2000 በሦስት ቅጾች ወጣ። የመጀመሪያው ከ1800 እስከ 1854 ያለውን፣ ሁለተኛው ቴዎድሮስንና የዘመናቸውን ሰዎች፣ ሦስተኛው ከ1869 እስከ 1879 ያለውን ጊዜ ይይዛል።

አሠራሩ ሊብራራ የሚገባው ነው። አዘጋጆቹ የዋናውን ደብዳቤ ምስል ያትማሉ፤ ከእሱ ጋር የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ያስቀምጣሉ። ስለዚህ አማርኛ፣ ግእዝ ወይም ዐረብኛ የሚያነብ ሰው የተርጓሚውን ቃል አምኖ ለመቀበል አይገደድም፤ ራሱ አይቶ ይፈርዳል። ይህ ቀላል የሚመስለው ነገር ብዙ ድካም ይጠይቃል። ብዙዎቹ ደብዳቤዎች ዓመተ ምሕረት የላቸውም። አንዳንዱ ቀንና ወር ብቻ፣ አንዳንዱ የሰፈሩበትን ቦታ ብቻ ይጠቅሳል። ዓመቱን ለማወቅ በውስጡ የተነሡትን ሰዎች፣ የማኅተሙን ዓይነት፣ ደብዳቤው ተቀባዩ ዘንድ የደረሰበትን ቀን ማመሳከር ያስፈልጋል። በኢትዮጵያና በአውሮፓ የዘመን አቆጣጠር መካከል ያለው የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነትም በቀደሙት መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ስህተት ሲያስገባ ኖሯል።

ሥራው የአንድ ሰው አልነበረም። ለመጀመሪያው ቅጽ የግእዝ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌና የዐረብኛ ሰነዶችን የሚያውቁት ጆን ሃንዊክ፣ ለተከታዮቹ ደግሞ የቋንቋ ምሁሩ አምሳሉ አክሊሉና የታሪክ ምሁሩ መርዕድ ወልደ አረጋይ አብረዋቸው ሠርተዋል። ጌታቸው ኃይሌ በደርግ ዘመን በጥይት ቆስለው እግራቸው ሽባ ከሆነ በኋላ ሀገራቸውን ጥለው ሚኒሶታ ውስጥ በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የብራና መጻሕፍት ማእከል ያገለግሉ የነበሩ ሰው ናቸው። አንዱ ሉንድ፣ ሌላው አሜሪካ፣ ሌሎቹ አዲስ አበባ ሆነው፣ ሎንዶንና ፓሪስ የተገኘ ወረቀት ላይ ስለ አንድ ፊደል ይጻጻፉ ነበር ማለት ነው።

ደብዳቤዎቹ በአብዛኛው ውጭ ሀገር መገኘታቸው ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። የዚያ ዘመን ቤተ መንግሥት በድንኳን ከስፍራ ወደ ስፍራ ይዘዋወር ስለነበር የተላከ ደብዳቤ ግልባጭ የሚቀመጥበት ቋሚ መዝገብ ቤት አልነበረውም። በመቅደላ የተከማቸው ሀብት ደግሞ በ1868 ተዘርፎ በመቶዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች ወደ እንግሊዝ ተጓዙ። የተረፈው በተቀባዩ እጅ የነበረው ነው። ዛሬ በሎንዶን ዙሪያ የሚኖር የአማርኛ አንባቢ ኪው በሚባለው ሰፈር የሚገኘውን የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የአንባቢነት ካርድ በነፃ አውጥቶ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩን የአቢሲኒያ መዝገቦች ራሱ ማየት ይችላል። የእጅ ጽሕፈቱ ለማንበብ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ቋንቋው እንግዳ አይሆንበትም።

ሩቤንሰን እ.ኤ.አ. በ2013 ዐርፈዋል። ሦስቱ ቅጾች የሚያበቁት 1879 ላይ ነው፤ የምርምር ሕይወታቸውን ያስጀመረው የውጫሌ ውል የተፈረመው ከዚያ ዐሥር ዓመት በኋላ ነው።